3,000 ብር የተከፈለበት፣ ያልተደረገ ፎርማት

ከሲልቨር ስፕሪንግ ለሦስት ሳምንት ቤተሰብ ልጠይቅ መጥቼ ነበር። ስለ ታክሲው ብዙ የምለው የለኝም፣ ደህና ነው። ቡናው እንደተውኩት ነው። ፒያሳ ግን እንደተውኳት አይደለችም። ከፈረሰች በኋላ ስመጣ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ቆሜ እንባዬ መጣ፤ የሱ ወሬ ለሌላ ቀን ይቆየን። ዛሬ የምጽፈው ስለ አባዬ ላፕቶፕ ነው።

አባዬ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነው። የአባላት ስም ዝርዝር፣ የወር መዋጮ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ሁሉም ያለው እዚያች አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ከገዛናት 10 ዓመት አልፏታል። ስደርስ ሲ ድራይቩ፣ ዊንዶውስ ያለበት የዲስኩ ክፍል ማለት ነው፣ ሞልቶ ቀልቶ ነበር፤ አንድ ገጽ እንኳን ሴቭ ሲያደርግ «ቦታ የለም» ትለዋለች። «አንቺ ከአሜሪካ የመጣሽ፣ እስኪ አንድ በያት» አለኝ። እኔ የሆስፒታል ሠራተኛ ነኝ። አሜሪካ የኖረ ሁሉ ኮምፒውተር የሚያውቅ ይመስለዋል።

ለገሃር አካባቢ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኳት። ልጁ ከፍቶ እንኳን ሳያይ «ፎርማት ነው የሚያስፈልጋት» አለ፤ ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለቱ ነው። 800 ብር፣ ነገ ውሰጂ። ፋይሎቹስ? «ባክአፕ እናደርጋለን እህቴ፣ አታስቢ።»

ማግስቱን ሄድኩ፣ ልጁ የለም። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር ተባለ። በአራተኛው «እየጫነ ነው፣ አንዴ ሻይ ጠጥተሽ ተመለሽ» ተባልኩ። ሻዩን ጠጣሁ፣ ተመለስኩ፣ አሁንም እየጫነ ነው። ላፕቶፗን ግን የትም ጠረጴዛ ላይ አላየኋትም። የዕድሩ ስብሰባ እሁድ ነው፤ አባዬ በየሰዓቱ ይደውላል። በአምስተኛው ቀን «ደርሷል» አሉኝና ሂሳቡ መጣ። ፎርማት 800፣ ባክአፕ 1,000፣ ኦፊስ 500፣ አንቲቫይረስ 700። 3,000 ብር!

«800 አላልከኝም?»

«እሱ የፎርማቱ ነው።»

ደረሰኝ ስጠይቀው ሳቀ። እኛ ጋ አሜሪካ ዋጋው ቀድሞ ተጽፎ ይሰጣችኋል፣ ካልተስማማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። እውነት ለመናገር ግን እንዲህ ያረጀች ላፕቶፕ ብትወስዱላቸው «አዲስ ግዙ» ብለው ነው የሚመልሷችሁ። በዚህ አዲስ አበባን አላማም። ከፈልኩ። ንግግሬ ከውጭ መምጣቴን እንዳሳበቀብኝ አውቄዋለሁ።

ዋናው ጉድ ቤት ጠበቀን። አባዬ የአባላቱን ዝርዝር ሲከፍት ከላይ እስከ ታች የእንግሊዝኛ ፊደልና የማይታወቅ ምልክት የተደባለቀበት ነገር ወጣ። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ምንም አላለም። የወንድሜ የሰርግ ፎቶዎችም ዴስክቶፑ ላይ የሉም። ሲ ድራይቭ ደግሞ እንደቀላ ነው! ስደውል «ፋይሉ ድሮም ቫይረስ የበላው ነው» አለኝ ያው ልጅ፣ ሳያፍር።

የጎረቤታችን ልጅ ነው አራት ኪሎ የሚሠራ አንድ ጥገና አዋቂ የጠቆመን። ከፎቶኮፒ ቤት ጎን ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባ የምትሞላ ክፍል። ልጁ መጀመሪያ ለአባዬ ወንበር ሰጠው። ከዚያ «ጋሼ፣ ለምን ለምን ነው የሚጠቀሙባት?» ብሎ ጠየቀ። ለገሃር አምስት ቀን ስመላለስ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም።

ስክሪኑን ወደኛ አዙሮ ሲ ድራይቭን ከፈተ። «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባል ፎልደር ላይ ጣቱን አሳረፈ። 61 ጊጋ። «ፎርማት አልተደረገም እኮ» አለ። አዲሱን ዊንዶውስ በአሮጌው ላይ ብቻ ጭነውታል። እንዲህ ሲደረግ አሮጌው ሁሉ ተጠቅልሎ እዚያ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ እስኪጠፋ ድረስም ቦታ ይዞ ይቆያል። ለካ 800 ብር የከፈልኩት ላልተሠራ ሥራ ነው።

መናደድ ሳልጨርስ ልጁ ያንኑ ፎልደር ከፈተና የሰርጉን ፎቶዎች አወጣ። ቀጥሎ ከአሮጌው ዊንዶውስ ውስጥ የግዕዝ ፎንቶቹን ፈልጎ ጫናቸው። የአባዬ ጽሑፎች ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የኮምፒውተር አሠራር፣ በፊት በነበረው አጻጻፍ የተጻፉ ናቸው፤ ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ እንግሊዝኛ ሆኖ ነው የሚታየው እንጂ ፋይሉ አልተበላሸም። ዝርዝሩን መልሶ ሲከፍተው አማርኛው ድርድር ብሎ መጣ። አባዬ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስሞች ጮክ ብሎ አነበበ። ሁለቱ በሕይወት የሉም፤ ለነሱም «ነፍስ ይማር» አለ። እነዚያ ለገሃር ያሉት እንደተናገሩት ፎርማት አድርገውት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይገኝም ነበር። አመስግኛቸው እንዳልሄድ ግን 3,000 ብሬ ትዝ ይለኛል።

የቀረው ቀላል ነበር። 500 ጊጋ የተባለው ዲስክ ሲታይ 465 ነው፤ ይህ ስርቆት ሳይሆን የአቆጣጠር ልዩነት ነው አለን። ከዚያ ውስጥ ለሲ የተሰጠው 97 ብቻ ነው። ዲ በሚባለው ሌላው የዲስኩ ክፍል ላይ ከ300 ጊጋ በላይ ባዶ ቦታ ነበር! «ዕቃው ሁሉ ሳሎን ተከምሮ ጓዳው ባዶ ነው» አለ ልጁ። ፋይሎቹን በመጠን ደረደረና ከቴሌግራም የወረደውን አሳየን፤ አንድ ስብከት አምስት ጊዜ ወርዷል። አባዬ አንዱን አስቀርቶ አራቱን አስጠፋ። ዶክመንትና ዳውንሎድ ከእንግዲህ በቀጥታ ዲ ላይ እንዲቀመጡ አደረገ። አሮጌውን ዊንዶውስ ያጠፋው በመጨረሻ ነው፣ ዲስክ ክሊንአፕ በሚባለው የዊንዶውስ የራሱ ማጽጃ፤ ያውም የሚፈለገው ሁሉ መውጣቱን አባዬን ሁለቴ ጠይቆ። የዕድሩን ፎልደር ደግሞ በፍላሽ ገልብጦ ሰጠው፤ ዲም የዚያው ዲስክ ክፍል ስለሆነ ዲስኩ ከሞተ አብሮ ይሞታል።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ 500 ብር። የተነገረን ሳይጀምር፣ የከፈልነውም ያንኑ። ደረሰኝ ግን እሱም አልሰጠም።

ከዚያ ወዲህ አባዬ፣ ያጠፉት ፋይል ሪሳይክል ቢን (የኮምፒውተሩ ቆሻሻ ቅርጫት) ውስጥ እስካለ ቦታ እንደሚይዝ ልጁ ስለነገረው፣ ማታ ማታ እሱን ባዶ ሳያደርግ አይተኛም። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ትናንት ለሥራ ስወጣ ደወለ።

«ሲ ላይ 64 ጊጋ ባዶ» አለኝ፣ ደህና ነሽ ወይ እንኳን ሳይል።