ሊብሬኦፊስ ከዘጠኝ ወር አገልግሎት በኋላ፦ የአንድ ጽሕፈት ቤት ልምድ

በአንድ ፍርድ ቤት አቅራቢያ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የምሰጥበት አነስተኛ ቤት አለኝ። በሦስት ኮምፒውተሮች የክስ ማመልከቻ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ ልዩ ልዩ ውልና አቤቱታ እንጽፋለን። ካለፈው ጥቅምት ወር ጀምሮ ይህን ሥራ የምንሠራው ሊብሬኦፊስ በተባለው የቢሮ ሥራ ፕሮግራም፣ በተለይም ራይተር በተባለው የጽሑፍ ክፍሉ ነው። ግምገማዬ ፕሮግራሙ የሚችለውን ሁሉ የሚዘረዝር አይደለም። የስክሪን አቀማመጥ ሲለወጥ በሥራ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት በቅርብ ስላየሁ፣ ፕሮግራሙን የመዘንኩትም በዚሁ ሚዛን ነው።

ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት የተገለገልንበት ሌላ የጽሕፈት ፕሮግራም ነበር፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልገኝም። አንድ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስንከፍት ፕሮግራሙ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን አድሶ አገኘነው። ቀድሞ በቃል ተጽፈው የነበሩት ትእዛዞች አብዛኞቹ ወደ ትንንሽ ምልክቶች ተለውጠዋል፤ ፕሪንት ማድረጊያው ከነበረበት ተነሥቷል፤ ፋይል ሴቭ ሲደረግ የሚመጣው መስኮት በኮምፒውተሩ ውስጥ ካሉት ፎልደሮች ይልቅ በኢንተርኔት ላይ ያለ ማስቀመጫን ያስቀድማል። በዚያን ሰዓት ደግሞ ኢንተርኔት አልነበረም። አብራኝ የምትሠራው ጸሐፊ በዚህ ሙያ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ የቆየች ሰው ናት። እጇን ከኪቦርዱ አንሥታ «ጋሼ፣ ፕሪንቱን የት አደረጉት?» ስትለኝ የምመልስላት አልነበረኝም። ከጎኗ የቆሙት አዛውንት ባለጉዳይ የቀጠሯቸው ሰዓት ተቃርቦ ነበርና «ልጄ፣ ችሎቱ ሳይሰየም ይደርስልኛል?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቋት ነበር። አቤቱታው አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነበር፤ ተጽፎም አልቋል። የቀረው ማተም ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውዬው እየሮጡ ሄዱ።

የእኛን ሥራ ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል፤ ቁልፉ ተፈልጎ ይገኛል፣ በማግሥቱም ይለመዳል ይል ይሆናል። ነገር ግን ፈጣን ጸሐፊ ስትሠራ ዓይኗ ያለው ጠበቃው በእጁ በጻፈው ረቂቅ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ አይደለም። ማውሱ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ጋር እንደሚጫን የሚያውቀው እጇ ነው፤ ይህ እውቀት በዓመታት ድግግሞሽ የተገኘ ስለሆነ አንዱ ትእዛዝ የት እንዳለ ብትጠየቅ እንኳ በቃል ለመናገር ትቸገራለች፣ እጇ ግን አይሳሳትም። አቀማመጡ ሲለወጥ የሚጠፋው ይህ ነው። ዓይን ከረቂቁ ይነሣል፣ ስክሪኑን ይፈልጋል፣ ተመልሶ ሲመጣ ያቆመበትን መስመር ያጣዋል፤ መስመር መዝለልና ስም መሳሳት የሚመጣውም ከዚሁ ነው። በክስ ማመልከቻ ላይ የአንድ ተከሳሽ የአባት ስም ከተሳሳተ ደግሞ ነገሩ የፊደል ግድፈት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው የማይክሮሶፍት ኦፊስ 2007 በዎርድና በኤክሴል ላይ የነበሩትን የቆዩ ሜኑዎችና ቱልባሮች አንሥቶ በምትካቸው ሪበን የተባለውን፣ በታብ የተከፋፈለ ሰፊ የትእዛዝ ረድፍ አመጣ። የ«ፋይል» ሜኑ እንኳ ቀርቶ በምትኩ ክብ ቁልፍ ተቀመጠ፤ «ፋይል» የሚለው ቃል የተመለሰው፣ ሪበኑንም ተጠቃሚው እንደሚፈልገው ማስተካከል የቻለው በኦፊስ 2010 ነው። ዊንዶውስ 8 በጥቅምት 2012 ሲወጣ የስታርት ቁልፉ ከስክሪኑ ግርጌ ጠፍቶ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በዊንዶውስ 8.1 ቁልፉ ተመለሰ። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ስታርትን ወደ መሐል አምጥቶ፣ በቀኝ የማውስ ቁልፍ የሚከፈተውን ዝርዝር አሳጥሮ፣ የቀሩትን ትእዛዞች በአንድ ተጨማሪ መስመር ሥር አስቀመጣቸው። በእነዚህ ለውጦች ውስጥ ጥሩ ሐሳብ የለም አልልም። ኮምፒውተርን ያኔ ለጀመረ ሰው ሪበኑ ከድሮው ሜኑ የተሻለ እንደሚሆን አምናለሁ። ቅሬታዬ የለመደው ሰው የለመደውን ይዞ የመቆየት ምርጫ ሲነፈግ ነው።

ወደ ሊብሬኦፊስ የመጣነው ይህን ምርጫ ፍለጋ ነው። ፕሮግራሙ በ2010 ኦፕንኦፊስ ከተባለ ሌላ ነጻ የቢሮ ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ፣ ዘ ዶክመንት ፋውንዴሽን በተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሥር የሚዘጋጅ ነጻ ሶፍትዌር ነው። የታብ አቀማመጥን እነሱም አምጥተዋል፤ በ2017 በእትም 5.3 ለሙከራ፣ በ2019 በእትም 6.2 ደግሞ ከሙከራ ወጥቶ። ሆኖም የድሮውን ሜኑና ቱልባር አላነሡም። ከሜኑው «ቪው» ከዚያም «ዩዘር ኢንተርፌስ» የሚለውን ስትከፍቱ የአቀማመጥ ዓይነቶቹ ተደርድረው ይመጣሉ፤ ባለ ሁለት ረድፍ ቱልባር፣ ባለ አንድ ረድፍ፣ ባለ ታብ፣ በጎን የሚቆም እና ሌሎችም። አንዱን መርጣችሁ ታያላችሁ፣ ካልተስማማችሁ ትመልሱታላችሁ። ጸሐፊዋ የቆየውን አቀማመጥ መረጠች። ምልክቶቹ ብቻቸውን ግልጽ ስላልሆኑላት በ«ከስተማይዝ» መስኮት ውስጥ ገብተን ቱልባሩ ምልክቱንና ስሙን አብሮ እንዲያሳይ አደረግነው፤ ቦታ ይወስዳል፣ ግን «ፕሪንት» የሚለውን አንብባ ትጫናለች።

ይሁን እንጂ ፕሮግራም መቀየር ራሱ ከባዱ የአቀማመጥ ለውጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ፈትነውናል። ጸሐፊዋ በመስመሮች መካከል ያለውን ርቀት እጥፍ ለማድረግ ኮንትሮልንና 2ን አብራ መጫን ለምዳ ነበር። በራይተር ውስጥ እነዚህ ሁለት ቁልፎች አንቀጹን የሁለተኛ ደረጃ ርእስ ያደርጉታል። ስለዚህ የክሱ ዝርዝር ነገር በድንገት ፊደሉ ተለቅ ብሎና ወፍሮ ይመጣባታል፤ ኮንትሮልና ዜድ ብላ ትመልሰዋለች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እጇ ያንኑ ይደግማል። ኤፍ 5ም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ ቃል ፈልጎ የመተኪያውን መስኮት የሚከፍትላት ቁልፍ አሁን የሰነዱን ርእሶችና ሠንጠረዦች የሚያሳየውን ናቪጌተር ይከፍታል። ፕሮግራሙ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም፤ ለርእስ ፈጣን ቁልፍ መስጠቱ ረጅም መጽሐፍ ለሚጽፍ ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። የእኛ እጅ ግን ሌላ ነገር ነበር የለመደው።

መፍትሔው እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ተገኘ። በ«ቱልስ» ሥር «ከስተማይዝ» በሚለው መስኮት ውስጥ ኪቦርድ የሚል ክፍል አለ፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የሚሠራውን እየመረጡ መቀየር ይቻላል። አንድ እሑድ ከሰዓት ሁለታችን ተቀምጠን እሷ በሥራ ላይ የምትጠቀምባቸውን ቁልፎች በወረቀት ላይ ጻፍን። ዐሥራ አራት ነበሩ። የሚለዩትን አንድ በአንድ ቀየርናቸውና ውጤቱን በፋይል አስቀምጠን በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ወሰድነው። ከዚያ ዕለት በኋላ የሥራው ፍጥነት ወደ ነበረበት እየተመለሰ መጣ። በተረፈ የትእዛዙን ስም እያወቁ ቦታው ሲጠፋ ሺፍትንና ኢስኬፕን መጫን ነው፤ ስሙን የምትጽፉበት ሳጥን ይመጣል፣ ትእዛዙንም ከተገኘበት ሜኑ ጋር ያሳያል። ከ7.2 እትም ጀምሮ የተጨመረ ነገር ነው፤ ለእኔ የዕለት ተዕለት መሣሪያ ሆኗል።

የገጽ አቀማመጥ ግን እስካሁን ትዕግሥት ይጠይቀናል። በሂሳብ ክርክር ውስጥ ሰፊ ሠንጠረዥ ሲመጣ አንዱን ገጽ ብቻ ማጋደም ያስፈልጋል። ራይተር ይህን የሚሠራው በገጽ ስታይል፣ ማለትም ስም በተሰጠው የገጽ ቅርጽ ነው፤ የገጽ መቁረጫ አስገብቶ ቀጣዩ ገጽ «ላንድስኬፕ» የተባለውን ስታይል እንዲይዝ ማድረግ፣ ከሠንጠረዡ በኋላም በሌላ መቁረጫ ወደ ቀድሞው ስታይል መመለስ። አሠራሩ ሲገባ ንጹሕ ነው፤ እስኪገባ ድረስ ግን ሰነዱ በሙሉ ተጋድሞ ሲገኝ ያስደነግጣል። ለጸሐፊዋ ባዶ ናሙና ሰነድ ሠርቼ ሰጠኋትና ከዚያ እየቀዳች ትጠቀማለች።

ከጠበቆች ጋር የምንለዋወጠው በዎርድ ፎርማት ስለሆነ ፋይሎቹን በዚያው ፎርማት እንዲያስቀምጥ አንድ ጊዜ ከምርጫዎቹ ውስጥ አስተካክለናል። የፊደል ዓይነት (ፎንት) ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ናይላ በተባለው የአማርኛ ፎንት ተጽፎ የመጣ ሰነድ ናይላ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ፕሮግራሙ በሌላ ፊደል ይተካዋል፤ የፊደሉ ስፋት ሲለያይ መስመሩ ይሸጋሸጋል፣ ሁለት ገጽ የነበረው ወደ ሦስተኛው ይተርፋል። ስለዚህ ሦስቱም ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ዓይነት ፊደሎች ጭነናል፤ ወደ ውጭ የሚሄደውን ደግሞ ከተቻለ በፒዲኤፍ እንልካለን።

ሜኑው በሙሉ በአማርኛ ሊሆን እንደሚችል ሳውቅ በጣም ተደስቼ ነበር፤ ለተረጎሙት ሰዎችም ምስጋና አለኝ። በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ባደረግሁት ጊዜ ግን ከሁለት ቀን በኋላ እንድመልሰው ለመነችኝ። እሷ «ሴቭ አዝ» እና «ፔጅ ሴትአፕ» ብላ የተማረች ናትና ለእሷ የገዛ ቋንቋዋም ሌላ የቦታ ለውጥ ሆነባት። መለስኩላት። በእኔ ኮምፒውተር ላይ አማርኛው አለ፤ እኔ ዝግ ብዬ የምሠራ ስለሆነ እያነበብኩ ለመድኩት፣ አሁን እንግሊዝኛውን አልፈልገውም።

በእነዚህ ዘጠኝ ወራት አንድም ጠዋት የተለወጠ ስክሪን አልጠበቀንም። ፕሮግራሙ አዲስ እትም ሲኖር ያሳውቀናል፤ የመጫኛው ፋይል ከ300 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ኢንተርኔት ደህና በሆነበት ቀን አንድ ጊዜ አውርጄ በፍላሽ እይዘዋለሁ፣ የምጭነውም ፍርድ ቤቱ ሲዘጋ ነው። ክፍያ የለውም፤ ስንት ኮምፒውተር ላይ እንደተጫነም የሚጠይቅ የለም።

በሚያዝያ ወር አንዲት ወጣት ጸሐፊ ቀጥረናል። ኮሌጅ የተማረችው በታብ አቀማመጥ ነበርና የቆየውን ሜኑ ስታየው ግራ ገባት። በሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ የታቡን አቀማመጥ መረጥንላት፤ በሁለተኛው ቀን ያለ ጥያቄ ትሠራ ነበር። አሁን አንዷ የጀመረችውን ይግባኝ ሌላዋ ስትጨርሰው አያለሁ፤ ፋይሉ አንድ ነው፣ ስክሪናቸው ለየቅል ነው። ዐሥራ አራቱ ቁልፎች የተጻፉባት ወረቀት ከነፍላሹ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጣለች፤ አራተኛ ኮምፒውተር ስንጨምር የመጀመሪያ ሥራዬ ለሚቀመጥበት ሰው የትኛውን አቀማመጥ እንደለመደ መጠየቅ ይሆናል።