ጀሪካኑ የት ይቀመጣል? ቱሉ ዲምቱ ያገኘነው የቤት ማስዋብ አገልግሎት

አንድ ነገር ላስቀድም። የሱቁን ስም አልጠራም። ግማሹ ሥራቸው አስደስቶኛል፣ ግማሹ አበሳጭቶኛል፣ ገና ያልተቋጨ ጉዳይም አለን። አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ካሉት ንግድ ቤቶች አንዱ ነው። ፊት ለፊቱ ቺፑድ ተደርድሮ፣ ከኋላ የመጋዝ ድምፅ የሚሰማበት። እንደሱ ያለ ሱቅ እኛ ሰፈር ስንት እንዳለ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ስንረከበው እንደማንም ኮንዶሚኒየም ነበር፤ ያልተቀባ ግድግዳ፣ ሲሚንቶ ወለል፣ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ቧንቧ። ሴራሚክ አስነጠፍን፣ ቀለም አስቀባን፣ ከዚያ ገንዘቡም ትዕግሥቱም አለቀና እንዲሁ መኖር ጀመርን። ዘንድሮ ዕቁብ ሲወጣልኝ «በቃ፣ አሁን ቤቱን ቤት ላስመስለው» አልኩ።

ችግሩ ምን ዓይነት ቤት እንደምፈልግ አላውቅም። ስልኬ ላይ ወደ 200 ፎቶ አስቀምጫለሁ። ሁሉም ያምራሉ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ግን አይተዋወቅም። አንዱ ነጭ በነጭ የሆነ የስዊድን ቤት፣ ሌላው ወርቃማ እግር ያለው የዱባይ ሶፋ። ባሌ መጅሊስ ካልሆነ ይላል። እማዬ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፣ የእሷ ጥያቄ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ ቡፌ። ባለ መስታወት ቡፌ፣ ብርጭቆ የሚደረደርበት፣ ያውም ማንም የማይጠጣበት ብርጭቆ።

አገልግሎቱ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ምክሩ ነው። ዲዛይነሯ ሁለት ጊዜ ቤት ድረስ ትመጣለች፣ ትለካለች፣ ሥዕል ሠርታ ትሰጣለች፤ ለዚህ 5,000 ብር ከፈልን። ሁለተኛው የእንጨት ሥራው ነው፣ እሱ ለብቻው ይታሰባል። ምክሩን ብቻ ወስዶ መሄድ ይቻላል። መጀመሪያውኑ ነግረውኝ ነበር፣ የሰማሁት ግን በኋላ ነው፣ ነገሩ ካለፈ።

ልጅቷ ሃያ አምስት ዓመት የሞላት አትመስልም። ፎቶዎቼን ላሳያት ስልኬን ሳወጣ «ቆይ እህቴ፣ እሱን በኋላ» አለችና ቀጥ ብላ ወጥ ቤት ገባች። ዞር ዞር ብላ አየች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ምን መሰላችሁ?

«ጀሪካኖቹ የት ነው የሚቀመጡት?»

እዚች ላይ ወደድኳት። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃውም ሁልጊዜ አይከበርም። ስለዚህ ወጥ ቤታችን ውስጥ ምንጊዜም አምስት ስድስት ጀሪካን አለ። 200ው ፎቶ ውስጥ አንድም ጀሪካን የለም። ምጣድም የለም። የጤፍ ማዳበሪያ ግድግዳ ተደግፎ የቆመበት ፎቶ የለም። እኔ ለካ የምመርጠው የሌላ ሰው ኑሮ ነበር፣ የእኔን ዕቃ አውጥቼ ጥዬ።

ጀሪካኖቹን በቁመትም በወርድም ለካቻቸው። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቦታ በር የሌለው ክፍት አደረገችው፣ ወለሉንም ሴራሚክ። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ የካቢኔቱ ኤምዲኤፍ ማለት የእንጨት ቃጫ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ነው፣ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ አንዴ ካበጠ አይመለስም አለችኝ። ሰፈራችን ውስጥ የስንቱ ሰው ካቢኔት ከሥር ከሥሩ እንደ እንፋሎት ዳቦ የተነፋው ለካ በዚህ ነው።

ቀጥሎ እማዬን ጠራቻት። «እማማ፣ እንጀራ ሲጋግሩ ትከሻዎን አያምዎትም?»

«አያመኝም ብልሽ ታምኛለሽ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የወጥ ቤት ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 90 ሳንቲሜትር ቁመት ይሠራል፣ ለመክተፍ ይመቻል። ምጣዱ ግን የራሱ እግር አለው፤ እላዩ ላይ ሲቀመጥ ሊጡን ለማዞር ክንድ ወደ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ የምጣዱን ቦታ ብቻ ወደ 65 ዝቅ አደረገችው። ጠረጴዛው አንድ ቦታ ላይ ደረጃ ወረደ ማለት ነው። ፎቶ ላይ አያምርም፣ እውነቱን ለመናገር ወጥ ብሎ ቢሄድ ለዓይን ይሻል ነበር። እማዬ ግን አሁን ስትጋግር ታንጎራጉራለች። የኤሌክትሪኩንም ነገር አልረሳችም። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ ከፍሪጁ ጋር አንድ ሶኬት ላይ ማንጠልጠል አይገባም፣ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው ብላ በሥዕሉ ላይ በቀይ ጻፈችው።

ከእኔ ጋር የተጋጨነው በኦፕን ኪችን ነው። ግድግዳው ፈርሶ ወጥ ቤትና ሳሎን አንድ እንዲሆን እፈልግ ነበር። «በሳምንት ስንት ቀን ቁሌት ታቁላላላችሁ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «መጋረጃው ይጠጣዋል፣ ሶፋው ይጠጣዋል፣ ከዚያ እንግዳ ሲመጣ ዕጣን ታጨሻለሽ።» በዚያ ላይ የጋራ ሕንፃ ግድግዳ እንዲሁ ተነስቶ አይፈረስም። በመስታወት ተንሸራታች በር ተስማማን። ብርሃን ያልፋል፣ ሽታው ይቀራል።

ወጥ ቤቱ ጠበበኝ ብዬ ሳማርር የነገረችኝን ደግሞ እስካሁን አልረሳሁትም። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት ፍራንክፈርት ውስጥ ለሠራተኛው ሕዝብ ለሚሠሩ የከተማ ቤቶች አንድ ወጥ ቤት ነደፈች። ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ገደማ፣ ከእኛ ብዙም አይሰፋም። ሐሳቡን ካገኘችባቸው ነገሮች አንዱ የባቡር ወጥ ቤት ነበር። እያንዳንዱ እህል የራሱ መሳቢያ ነበረው፤ የዱቄቱ መሳቢያ፣ ነቀዝ እንዳይነካው፣ ከኦክ እንጨት የተሠራ። እንዲህ ያለው ወጥ ቤት ወደ 10,000 ቤት ገባ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆኖ ይህን መስማት ያጽናናል፤ ቢያንስ እኔን አጽናንቶኛል። ለእኛም ለሽሮ፣ ለበርበሬ፣ ለምስር የተለያየ መሳቢያ ሠራችልን።

ሳሎኑ ላይ የቤት ሥራ ሰጠችን። ለአንድ ሳምንት፣ ማታ ማታ 2 ሰዓት ላይ ማን የት እንደተቀመጠ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ አለች። ባሌ ሳቀ፤ ምልክቱን በደንብ ያደረገው ግን እሱ ነው። በሰባት ቀን ውስጥ ትልቁ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ብቻ፣ እሱም ዕዳውን ሊያስታውሰን የመጣ ጎረቤት። እኛ ሁላችንም በረንዳው በር ሥር ነን። እማዬ በርጩማዋ ላይ፣ እኔ ትራስ ላይ፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ፣ ባሌ ግድግዳውን ተደግፎ። ቡናው እዚያ ነው፣ ነፋሱም እዚያ ነው።

ስለዚህ ትልቁን ሶፋ ሽጡት አለች። ለእንግዳ ባለ ሁለት መቀመጫ ይበቃል፣ በረንዳው ሥር ግን በኤል ቅርጽ ዝቅ ያለ መቀመጫ ይሠራ፣ ከሥሩ ዕቃ ማስቀመጫ ያለው። ባሌ «መጅሊስ ማለት ይኼ ነው እኮ!» አለ። እሷ መጅሊስ አላለችውም፣ እሱ ግን ለሰው ሁሉ መጅሊስ አሠራሁ እያለ ነው። ይበል።

ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ደግሞ እያንዳንዳችን በምንም ዋጋ የማንሸጠውን አንድ ዕቃ እንድናመጣ ጠየቀች። ባሌ ከጅማ የመጣውን በርጩማ አመጣ፣ ሦስት እግር ያለው፣ የዋንዛ። እኔ የአያቴን መሶብ። እማዬ ምን አመጣች መሰላችሁ፣ ያ አበባ የተሳለበት አሮጌ የቻይና ፔርሙዝ! ክዳኑ ከተሰበረ ዘመን አልፎታል። ፔርሙዙ አረንጓዴ ነው፣ ደብዘዝ ያለ፣ የድሮ ሆስፒታል ግድግዳ ዓይነት አረንጓዴ፣ አበባው ቀይ።

እዚህ ላይ ልጅቷ አንድ ስህተት ሠራች። መሶቡንና በርጩማውን ስታይ ጥግ ላይ «የባህል ኮርነር» ሳለችልኝ። ግድግዳው ላይ ሰፌድ፣ ከሥሩ ቄጤማ። «እባክሽ ቤቴን የባህል ምግብ ቤት አታድርጊብኝ፣ እስክስታ ወራጅ ብቻ ነው የቀረው» አልኳት። ሳቀችና ሰረዘችው። ከዚያ ዓይኗ ፔርሙዙ ላይ አረፈ። የካቢኔቶቹ ቀለም የወጣው ከዚያ ነው፤ ደብዛዛው አረንጓዴ። ቀዩ ትራሶቹ ላይ ትንሽ ትንሽ ገባ። ዋናው ቀለም 60 እጅ፣ ሁለተኛው 30፣ ማድመቂያው 10 ይሁን የሚል መለኪያ አላቸው፤ ሜትር ይዞ የሚለካው ባይኖርም ከመብዛት ያድናል። ፎቶዎቼ ውስጥ አረንጓዴ ወጥ ቤት አልነበረም። አሁን ሌላ ቀለም ያለው ወጥ ቤት ይዤ እንዴት እንደምኖር አላውቅም።

የመጋረጃውን ነገር አላወራም፣ መርካቶ ሄጄ ራሴ ገዛሁ። ጂፕሰም ኮርኒስም ተዉት አለችን፤ ጣሪያው ድሮም ዝቅ ያለ ነው፣ ጂፕሰም ደግሞ ከዚያ ላይ ይቀንስበታል። የራሳቸው ሱቅ ጂፕሰም ይሠራል እኮ፣ ግን ተዉት አለች። አምፖሉን ግን ቀይሩ፣ እሽጉ ላይ 6500 ኬልቪን ከሚለው፣ ከነጩ ብርሃን፣ ወደ 3000ው፣ ወደ ቢጫማው። ርካሽ ለውጥ ነው፣ በአንድ ማታ ሳሎኑ ፋርማሲ መምሰሉን ተወ።

እስከዚህ ድረስ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ።

እንጨት ሥራውን እዚያው ማሠራቴ ነው ስህተቱ። ቀብድ ግማሹን ተቀበሉ፣ በሦስት ሳምንት እናስረክባለን አሉ። ስምንት ሳምንት ፈጀ። ስደውል «ነገ»፣ ስሄድ «መብራት ጠፍቶ»፣ ደግሞ ስደውል «ልጁ ለቅሶ ሄዶ»። መብራቱስ እውነት ነው፣ እኛም እዚያው ነን የምንኖረው። ግን በሳምንት አራት ለቅሶ? መጥቶ ሲገጠም ደግሞ የላይኛው ካቢኔት በወሩ ወደ ፊት አዘመመ። ግድግዳችን ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ክፍት ነው። ገጣሚው አጭር ፊሸር፣ ማለትም ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ የሚይዘውን ፕላስቲክ፣ አስገብቶ፣ ትራፓኖው ቀዳዳውን አስፍቶት፣ ስኒና ሰሃን ሲሞላበት የሚይዘው ነገር አጣ። ደግነቱ እማዬ አየችው። ሌላ ባለሙያ አምጥተን ከሥር የብረት መደገፊያ አደረግንበት፣ ወጪው የእኛ ነው። ብሎኬት ላይ ካቢኔት የምታሰቅሉ ሰዎች፣ በምን እንደሚያስሩት ከመገጠሙ በፊት ጠይቁ፣ ቆማችሁም እዩ።

ዕቃ ማጠቢያው አጠገብም የካቢኔቱ ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ መላቀቅ ጀምሯል። ውሃ ያሳብጠዋል ያለችኝ እዚያው ሱቅ ያለችው ልጅ ናት፤ ጠርዙን የለጠፉት ሰዎች ከእሷ ጋር የሚነጋገሩ አይመስለኝም። ስነግራት አፈረች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ለጎረቤቴ ያልኳትን ልንገራችሁ። 5,000ውን ክፈይ፣ ልጅቷን ቤት አስመጪ፣ ሥዕሉን ተቀበይ፣ ከዚያ ሥዕሉን ይዘሽ ሌላ እንጨት ቤት ሂጂ። እሷም እንዲሁ አደረገች። የእሷ ወጥ ቤት ከእኔ ጋር በምንም አይገናኝም፣ ባሏ አሣ ስለሚወድ ከበረንዳው ጋር የተያያዘ መጥበሻ ቦታ ነው የወጣላት፣ ቀለሙም ቢጫ ነው። የካቢኔቷ በሮች ግን ቀጥ ብለው ነው የሚዘጉት፣ ይኼ ትንሽ ያስቀናል።

የእኔው ሁለተኛው በር አሁንም ሲከፈት ይጮኻል። ሐሙስ መጥተን ማጠፊያውን እንቀይራለን ብለዋል። የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አልጠየቅኩም።