ሳጥን ሙሉ የማጂክ ዕቃ ወይስ አንድ ጥሩ የመጫወቻ ካርታ?

የትምህርት ቤት መዝጊያ ሲቃረብ ስልኬ ሥራ አይፈታም። «ማጂክ ልጀምር ነበር፤ ምን ልግዛ?» ይሉኛል፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ያሉ መምህራን፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የሚደውሉ ወጣቶች። ክርክሩ ሁሌም አንድ ነው። መጫወቻ መሸጫ የተደረደረው ሳጥን ይሻላል ወይስ ኦሪጅናል ካርታ? እኔ ካርታ ነው የምለው።

ዋጋውን እንይ። ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ሳጥኑን 2,400 ብር ብሎኝ፣ ተከራክሬ 1,700 ወርዷል። ላዩ ላይ «75 ዓይነት ማጂክ» ይላል። ቆጥራችሁ ብታዩት ያው ገመድና ያው ሦስት ኩባያ ደጋግመው ተቆጥረው ነው። ባይስክል የሚባለው ካርታ አሜሪካ ውስጥ 5 ዶላር አካባቢ ነው። ቴሌግራም ላይ 1,200 ብር ጠርተውብኛል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ግን ከሻንጣ ቦታ የማይሻማ ዕቃ ነውና በእሱ አስመጡ።

አንድ ጓደኛዬ ከሳጥኑ የወጡትን፣ እርስ በርስ የሚጠላለፉ ትልልቅ የብረት ቀለበቶች ይዞልኝ መጣ። ቀጫጭን ናቸው፤ አንዱ መጋጠሚያው ላይ ተላቋል። ብየዳ ቤት ወሰድነው። ባለሙያው 100 ብር ተቀብሎ አያያዘው፤ ግን ቦታው አበጠ፣ ዙሪያውም ጠቆረ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ያየዋል። ለመድረክ የሚሆን ቀለበት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ከፈለጋችሁት ለብቻው ግዙት።

የፕላስቲኩ ጣትስ? ምን እንደሚሠራ እዚህ አልዘረዝርም፤ የሙያው ምስጢር ነው። ብቻ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ለፈረንጅ ቆዳ የተሠራ ሮዝ ነው። በቀለም ሊያጠቁሩት የሞከሩ አሉ፤ እጅ ሲያልበው ይላጣል።

ካርታውም ቢሆን ፎርጅድ አለው። ባይስክል እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ የኖረ ስም ስለሆነ ኮፒው ብዙ ነው። ኦሪጅናሉ ወረቀት ነው፤ ላዩን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ ስታዩት ጥቃቅን ጎድጓዶች አሉት። ስትዘረጉት እኩል ይንሸራተታል። ፎርጅዱ ያብለጨልጫል፤ ትንሽ ከተሠራበት በኋላ ሁለት ሁለት እየሆነ ይጣበቃል። በጣም የተለመደው ካርታ ጀርባ ላይ ብስክሌት የሚነዱ ክንፋም ሕፃናት አሉ። ፊታቸው ከደበዘዘ ወይም ቀለሙ ከፈሰሰ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ኮንከር የምንጫወትበት ርካሽ ካርታ ለጅማሬ ልምምድ ይሆናል፤ ለትርኢት ግን እጅ ያስራል።

ለማጂክ ተብሎ የተዘጋጀ ልዩ ካርታ ስትገዙ ደግሞ ጀርባው ከተራው ካርታችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ልዩ ካርታ የሚመስል ተራ ካርታ ግን የትም አታገኙም። እኛ ጋ ይሄ ዋና ነገር ነው። የጎጃም ሰው ዕቃውን ተቀብሎ ሳያገላብጥ አይለቅም፤ ከከለከላችሁት «ድግምት ነው እንዴ?» ይመጣል። ተራውን ካርታ አቀብላችሁት «በል እየው» ስትሉት ግን ፊቱ ይፈታል።

ሌላው መመለስ ነው። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ከማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተበላሸ ዕቃ ልመልስ ብትሉ ትራንስፖርቱ ከዕቃው ይበልጣል። ስለዚህ ብር ከመላካችሁ በፊት ሻጩ ያንኑ ዕቃ በራሱ እጅ ይዞ፣ ሳይቆራረጥ ቀርጾ ይላክላችሁ። የማስታወቂያ ቪዲዮ አትቀበሉ። ካርታው የታሸገ ከሆነ የተከፈተ ናሙና ጠይቁ። «ናሙና የለኝም» ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ሳጥኑ ለልጅ ልደት ከሆነ አልቃወምም። ልጅ በገመዱና በኩባያዎቹ ደስ ይለዋል፤ ከ1,000 ብር በላይ ግን አትክፈሉበት። የምር ልትማሩ ከሆነ ግን ለሳጥኑ ያሰባችሁትን ብር ካርታ ላይ አውሉት። ከተቻለም ሁለት ግዙ፤ አንዱ ለልምምድ፣ አንዱ ለመድረክ። የመጀመሪያው ጀርባው ቀይ ከሆነ ሁለተኛውም ቀይ ይሁን።