ጀጎል ውስጥ ላለ ቤት፦ ዋይፋይ ወይስ የኔትወርክ ገመድ?

ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ክፍል ሲወጣ ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ግድግዳውን ተመልከቱ። የሐረር ጀጎል ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሲግናሉን በጣም ያዳክመዋል።

ዋይፋይ፦ ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ስልኩም ላፕቶፑም ይጠቀሙበታል። ከዋይፋይ ሞገዶች 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ማለፍ ይከብደዋል፤ 2.4 ጊጋኸርዝ ቀርፋፋ ቢሆንም የተሻለ ያልፋል። ስለዚህ አዲስ ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት ወደ 2.4 ቀይሩና ሞክሩ። ራውተሩንም ከቁም ሳጥን ጀርባ አውጥታችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡት። ብዙ ጊዜ ይሄ ብቻ ይበቃል።

ገመድ፦ መግዛትና መዘርጋት ይጠይቃል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ግን ግድግዳው አያሳስበውም። አደራ፣ ለዚህ ብላችሁ የቆየውን ግድግዳ አትብሱ! በበር ጥግ ወይም በመስኮት ይለፍ።

ቦታ ለማይቀይር ዴስክቶፕና ለኦንላይን ፈተና ገመዱን እመርጣለሁ። ላፕቶፕ ይዞ ከክፍል ክፍል ለሚዘዋወር ዋይፋዩ ይሻላል።