ነፃ የሕግ እርዳታ ቢሮው ከ5 ኮከብ 4፣ አስተርጓሚዋ 6

አስቀድሜ ይቅርታ፤ የቢሮውን ስም አልጽፍም። ጉዳዬ ገና እጃቸው ላይ ነው። ጠበቃዋም እስኪያልቅ ድረስ የማንንም ስም እንዳልጠራ አስጠንቅቃኛለች። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከሥራ ለተባረረ ሰው በነፃ ጠበቃ ከሚያቆሙት ቢሮዎች አንዱ ነው። አድራሻውን የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ። የምጽፈው ስለ አገልግሎታቸው ነው፤ መንገድ ላይ ግን ስለ ራሴም ማውራቴ አይቀርም።

ዕድሜዬ 43 ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዲሲ ዳውንታውን ባለ አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ቲኬት በመቁረጥ ጀምሬ የሺፍት ኃላፊ ሆኛለሁ። ትራንስ ሴት ነኝ፤ ስወለድ ወንድ ተብያለሁ፣ እኔ ግን ሴት ነኝ። ከ9ኙ ዓመት ስምንቱን ተኩል ጋራዡ የሚያውቀኝ እንደ ወንድ ነበር። ኦክቶበር 2024 ላይ ለማናጀሩ ደብዳቤ ጽፌ ሁሉንም ነገርኩት። ማርች 2025 ላይ ተባረርኩ።

ማናጀሩ ሐበሻ ነው። ከሠራተኛውም አብዛኛው ሐበሻ ነው። የዲሲን ፓርኪንግ የሚያውቅ ሰው ይሄ አይገርመውም።

ቢሮው ባለጉዳይ የሚቀበለው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነው። ስልክ ስደውል 40 ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙኝ። ያው አንድ ሙዚቃ ነው፤ እያለቀ ይጀምራል። አሁን ሳህን ሳጥብ አንጎራጉረዋለሁ። ሊፍቱ ሦስት ጊዜ ስሄድ ሁለቴ ተበላሽቶ ነው ያገኘሁት። ጉልበት ለሚያመው ሰው አራተኛ ፎቅ ቀላል አይደለም። በዚህ አንድ ኮከብ አልቀንስም፤ ነፃ ነገር ላይ ስለ ደረጃ ማማረር ነውር ነው።

ኮከቡን የቀነስኩት በፎርሙ ነው።

ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አላት። የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ ወረቀት ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎችም አማርኛ አንዱ ነው። ይሄ ቢሮ የመንግሥት አይደለም። ቢሆንም ፎርሙን በአማርኛ አዘጋጅቷል፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን ማን እንደተረጎመው እንጃ። ሦስተኛው መስመር ላይ «የጾታ መታወቂያዎ ምንድን ነው?» ይላል። የጾታ መታወቂያ! ቀበሌ ሄጄ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዤ፣ ተሰልፌ የማወጣው ነገር መሰለኝ። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ቅሬታ በማቅረብዎ ምክንያት ብቀላ ተፈጽሞብዎታል?» የሚል አለ። ብቀላ ሲባል እኔ የሚታየኝ ጠመንጃ ይዞ ደም ሊመልስ የመጣ ሰው ነው። እኔ ላይ የተፈጸመው ሺፍት መቀነስ ነው። «የለም» ብዬ ሞላሁ። በኋላ ጠበቃዋ አይታ፣ ይሄማ ዋናው ነጥብሽ ነው ብላ አስተካከለችው። አስቡት፤ በአንድ ቃል ምክንያት ዋናውን ነገር የለም ብዬ ነበር።

«አዲሱ ስም» የሚል ቦታም አለው። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ለወንድም ለሴትም የሚወጣ ነው። ስለዚህ ያንኑ ስም ጻፍኩበት። ፎርም የምትቀበለው ልጅ የተሳሳትኩ መስሏት ሁለት ጊዜ መለሰችልኝ።

ወደ ጠበቃዋ ልምጣ። ወጣት ናት፤ የተማሪ ቦርሳ ነው የምትይዘው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳያት ተስፋ ቆርጬ ነበር። ስለ ሰውነቴ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ቀን ብቻ ነው የምትጠይቀው። ደብዳቤውን የሰጠሽው መቼ ነው? ከዚያ በፊት ስንት ማስጠንቀቂያ ነበረብሽ? የመጀመሪያው የመጣው በስንተኛው ቀን ነው?

ሲደረደር እኔም ለራሴ ገባኝ። በ9 ዓመት አንድም ማስጠንቀቂያ አልነበረብኝም። ደብዳቤውን በሰጠሁ በሁለተኛው ሳምንት ከላይ ካለው ቡዝ ወደ ታች፣ ፒ ስሪ ወደሚባለው ሦስተኛ ምድር ቤት ወረድኩ። እዚያ ደንበኛ ስለማይመጣ ቲፕ የለም። ከጃንዋሪ ጀምሮ ደግሞ ውሃ ቀጠነ ማለት ተጀመረ። አራት ደቂቃ ዘገየሽ፣ የዩኒፎርምሽ ቁልፍ ተከፍቷል፣ ሬዲዮ ላይ ቶሎ አልመለስሽም። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት የማስጠንቀቂያ ወረቀት። በሦስተኛው በቃ።

የተባረርኩ ቀን አንድ ወረቀት አቀረቡልኝ። የአራት ሳምንት ደመወዝ እንሰጥሻለን፣ አልከስም ብለሽ ፈርሚ፣ ዛሬውኑ። እስክሪብቶውን ይዤ ነበር። ያልፈረምኩት መነጽሬን መኪና ውስጥ ረስቼው ስለነበር ብቻ ነው። ቤት ወስጄ ላንብበው ብዬ ወጣሁ። ጠበቃዋ ወረቀቱን አይታ ሳቀች። ዕድሜው 40 ለሞላ ሠራተኛ፣ የዕድሜ መድልዎ መብቱን ጭምር የሚያስቀር ወረቀት ከቀረበለት፣ በፌዴራል ሕግ 21 ቀን የማሰቢያ ጊዜ አለው። ከፈረመ በኋላም በ7 ቀን ውስጥ ሐሳቡን መቀየር ይችላል። ጾታዬ ቢያስባርረኝ ዕድሜዬ ጊዜ ገዛልኝ። እርጅና ጠቅሞኝ ሲያውቅ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ክሱ የት ይግባ የሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት ፈጀን። ይሄን ክፍል በደንብ አንብቡት፤ እኔ ምንም አላውቅም ነበር። ጁን 15 ቀን 2020 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ወስኗል፤ ሰውን ትራንስ ነው ብሎ ማባረር በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የተከለከለ የጾታ መድልዎ ነው። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ኒል ጎርሰች ናቸው። አንዷ ባለጉዳይ ኤሚ ስቲቨንስ ትባላለች፤ ሚሺጋን ውስጥ በአንድ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ስድስት ዓመት ገደማ ሠርታለች። በ2013 ለአለቃዋ ደብዳቤ ሰጠች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተባረረች። የእኔ ጠበቃ ይሄን ስታነብልኝ እጄን አየሁ። እኔም ደብዳቤ ነው የጻፍኩት። ስቲቨንስ ሜይ 12 ቀን 2020 አረፈች። ለፍርዱ የቀረው አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነበር።

ፍርዱ ዛሬም ሕግ ነው። ነገር ግን የፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን በፌብሩዋሪ 2025 እሱ ራሱ ለትራንስ ሠራተኞች ብሎ የከፈታቸውን ክሶች እንዲዘጉለት ፍርድ ቤቶችን ጠይቋል። ስለዚህ ጠበቃዋ የዲሲን መንገድ መረጠች። ዲሲ የ1977 የሰብዓዊ መብት ሕግ አላት፤ ከ2006 ጀምሮ የጾታ ማንነትን በግልጽ ይጠቅሳል። የፌዴራሉ ሕግ ከ15 ሠራተኛ በታች ያለውን ቀጣሪ አይነካም፤ የዲሲው ትንሽ ሱቅንም ይይዛል። የፌዴራሉ ጊዜ ገደብ እንደ ዲሲ ባለ ቦታ 300 ቀን ነው፤ የዲሲ ከተማ የሰብዓዊ መብት ቢሮ ደግሞ አንድ ዓመት ይሰጣል። ሬስቶራንትና ማርኬት የምትሠሩ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ደግማችሁ አንብቡ።

አሁን ወደ አስተርጓሚዋ።

እንግሊዝኛዬ ለፓርኪንግ ይበቃል፤ ለሕግ አይበቃም። ቢሮው በስልክ አስተርጓሚ አቀረበልኝ። ድምፅዋ የትልቅ ሴት ነው። ፈርቼ ነበር። አማርኛን ታውቁታላችሁ፤ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ወንድ ነህ ሴት ነሽ ብሎ መፍረድ አለበት። ስለ ራሴ ሳወራ ግሱ ዝም ይለኛል። መጣሁ፣ ሄድኩ፣ ተባረርኩ። ፍርዱ የሚመጣው ሌላው ሰው ሲያወራኝ ነው። ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ «ጤና ይስጥልኝ፣ እርስዎን ለማገዝ ነው የተመደብኩት» አለች። አንቱታ ጾታ የለውም! ስንት ዓመት የተናገርኩበትን ቋንቋ በ43 ዓመቴ እንደ አዲስ ሰማሁት።

ጋራዡ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸውም የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ሁሌም «ልጄ» ነው የሚሉኝ። ከኦክቶበር በኋላ «ቁርስ ተበላ?» «እንዴት ታደረ?» ማለት ጀመሩ። ማን በላ፣ ማን አደረ፣ አይታወቅም። በሰላም ያልፉኛል። ምስክር ይሁኑልኝ ብዬ ስጠይቃቸው ግን «ልጄ፣ ኮሌጅ የማስተምራቸው ሁለት አሉኝ» አሉ። አልተቀየምኳቸውም። ትንሽ ተቀይሜያለሁ።

ማስረጃ ያለኝ በሠራተኞቹ የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ነው። ሺፍት የምንቀያየርበት ነው፤ ሁሉም በአማርኛ ነው የሚጻፈው። ማናጀሩ ድሮ በስሜ ነበር የሚጠራኝ። ከደብዳቤው በኋላ እያንዳንዱ መልእክት «ወንድሜ» ሆነ። «ፒ ቱን ዘጋኸው ወንድሜ?» «ቁልፉን የት አስቀመጥከው ወንድሜ?» ስቆጥረው 61 ሆነ። ጠበቃዋ የመጀመሪያውን ትርጉም አንብባ ግራ ገባት። ሰውየው «ወንድሜ» እያለ በፍቅር ነው የሚያወራሽ፣ ስድቡ የታለ? አለች።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ የዲሴምበሩ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ነገ ትገቢያለሽ?» ብላ ጻፈችልኝ። ከሥሯ ማናጀሩ እንደ ሰዋስው አስተማሪ «ትገባለህ ለማለት ነው» ብሎ አረማት። ሃያ ሦስት ሰው አየው። ስድስቱ ሳቁ፤ የሳቁት ምልክቱ አለ። እንግሊዝኛው ላይ ግን ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? እሷ «ዊል ዩ ከም ኢን ቱሞሮ?» ካለች በኋላ፣ እሱ «ዩ ሚን፣ ዊል ዩ ከም ኢን ቱሞሮ» ብሎ ይመልሳል። እንግሊዝኛ «ዩ» ብሎ ወንዱንም ሴቷንም ይጠራል። ያ ሁሉ ውርደት በትርጉም ታጥቦ ወጣ። ጠበቃዋ ደግማ ደጋግማ አነበበችው። ሰውየው ምኑን ነው ያረመው?

ያን ጊዜ አስተርጓሚዋ ፈቃድ ጠየቀች። ስልክ ላይ ያለ አስተርጓሚ ከተባለው ውጪ መጨመር አይችልም መሰለኝ። «ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ላስረዳ?» አለች። ከዚያ ለአንዲት አሜሪካዊት ልጅ ስለ አማርኛ ግስ አስተማረች። ህ እና ሽ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ፊደል ብቻ ናቸው አለች። ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። «ወንድሜ» ለወንድ ፍቅር ነው፤ ሴት ነኝ ላለች ሰው ደጋግሞ ሲወረወር ግን ድንጋይ ነው አለች። ይሄን ስትል ድምፅዋ ትንሽ ተለወጠ። እኔ መስኮቱን እያየሁ ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ጽሑፉ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። 61ዱም መልእክት፣ ከእያንዳንዱ ግስ ጎን በቅንፍ የወንድ ነው፣ የሴት ነው የሚል ምልክት ተደርጎበት። መጀመሪያው ላይ ግማሽ ገጽ ማብራሪያ። ጠበቃዋ አሁን «ትገቢያለሽ» እና «ትገባለህ»ን በራሷ አፍ ትላለች። «ሽ»ዋ ጥሩ ነው፤ «ህ» ይቀራታል።

በሦስተኛው ቀጠሮ መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ስልኩን ሳትዘጋ «አንቺ ብልሽ ቅር ይልሻል?» አለችኝ። አይለኝም አልኩ።

ሌላውን ባጭሩ። የጤና መድን ላይ በደንብ ረድተውኛል። ከሥራ ስትወጡ ኮብራ የሚባል ነገር ይመጣል፤ የኩባንያውን መድን እስከ 18 ወር ማቆየት ትችላላችሁ፤ ዋጋውን ግን 102 በመቶ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ለመወሰን 60 ቀን አላችሁ። እኔ ሳየው ደነገጥኩና ተውኩት። የምኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ ሜዲኬይድ ለሚባለው፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የመንግሥት የጤና መድን አመለከቱልኝ፤ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ እዚያ ከጾታ ሽግግር ጋር የተያያዘ ሕክምናን ይሸፍናል። ሆርሞኔ አንድ ሳምንትም አልተቋረጠም። ለሥራ አጥ ክፍያ ግን ያመለከትኩት በሠራሁባት በዲሲ ነው። ይሄ ብዙ ሰው ያምታታል።

የዲሲው የሰብዓዊ መብት ቢሮ ክሱን ሲቀበል መጀመሪያ የግዴታ ሽምግልና አለ። ሽምግልና ሲባል ጋቢ የለበሱ ሦስት አባቶች ጠብቄ ነበር። ጠረጴዛ፣ ውሃና ቡና ነው። እዚያ የተባለው ምስጢር ስለሆነ አልናገርም።

አሁን አንድ የግሮሰሪ መጋዘን ማታ ማታ እሠራለሁ። ደመወዙ ያንሳል። አለቃዬ ኤል ሳልቫዶራዊት ናት፤ አማርኛ አታውቅም።

ፎርሙን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ፣ «የጾታ ማንነት» ብዬ ጽፌ፣ ፎርም ለምትቀበለው ልጅ ሰጥቻታለሁ። አመስግና ወሰደችው። ባለፈው ማክሰኞ ሄጄ ሳይ መደርደሪያው ላይ ያለው አሁንም «የጾታ መታወቂያ» ነው። እስኪቀየር ድረስ አምስተኛው ኮከብ እኔ ጋ ይቆያል።