«ሙሉ የፍሬን ሰርቪስ» ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ይህን የማስጠንቀቂያ ጽሁፍ የምጽፈው «ሙሉ የፍሬን ሰርቪስ» እየተባለ በጥቅል ዋጋ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተሠርቶ ያልቃል ተብሎ የሚቀርበውን አገልግሎት ገዝቼ ገንዘቤንም ሕይወቴንም ለአደጋ ስላጋለጥሁ ነው። የዲስክ ፍሬን ያለው መኪና የምታሽከረክሩ ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ቅናሽ ቢቀርብላችሁ ከመስማማታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ፍሬን በያዝሁ ቁጥር ከፊት ጎማ በኩል ይሰማ በነበረው ቀጭን የፉጨት ድምፅ ነው። ድምፁ በራሱ ብልሽት አልነበረም፤ በብዙ የፍሬን ሸራዎች (ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ ከሁለት በኩል ጨብጠው በሚያቆሙት ክፍሎች) ላይ ሆን ተብላ የምትሠራ ትንሽ የብረት ምላስ አለች፣ ሸራው ተበልቶ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ገደማ ሲቀረው ዲስኩን እየነካች ትጮኻለች። ስለዚህ ሸራ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሶ ነበር። የወሰድሁበት ጋራዥ የፊት ሸራዎችን ቀይሮ፣ ዲስኮቹን በቶርኖ አስተካክሎ፣ የፍሬን ዘይቱንም አድሶ እንደሚያስረክበኝ ነገረኝ። ዋጋው ሌላ ቦታ ከጠየቅሁት በእጅጉ ያነሰ ስለነበር ብዙም ሳልጠይቅ ተስማማሁ፤ ሥራው ሲሠራም እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ያ መቀመጤ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም የሚያሳስብ ነገር አላየሁም። ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ ግን በፍጥነት ላይ ሆኜ ፍሬን ስይዝ መሪው በእጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መኪናውን ሳቆምም ከቀኝ የፊት ጎማ የተቃጠለ ነገር ሽታ ይመጣል። ከዚያ አንድ ቀን ረጅም ቁልቁለት እየወረድሁ ሳለ የፍሬኑ ፔዳል ከወትሮው እጅግ ወደ ታች ሰመጠ። ደጋግሜ እየረገጥሁና ማርሹን ወደ ዝቅተኛ እየቀነስሁ በጭንቅ መንገድ ዳር አቆምሁ።

ሁለተኛው መካኒክ ጎማውን ካወለቀ በኋላ «ይምጡ፣ በዓይንዎ ይዩት» ብሎ አጠገቡ አቆመኝ። በአንዱ ጎማ ላይ ካሉት ሁለት ሸራዎች የውጭው 7 ሚሊሜትር ያህል ቀርቶታል፤ የውስጡ ግን ጨርሶ አልቆ ባዶ ብረቱ ዲስኩን እየፋቀ ነበር። ካሊፐር ማለት ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫናቸው ክፍል ነው፤ በዚህ ዓይነቱ ካሊፐር ውስጥ በዘይት ግፊት የሚገፋው ፒስተን ያለው በውስጠኛው በኩል ብቻ ነው፤ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ሲገፋ፣ የካሊፐሩ አካል ደግሞ በሁለት ፒኖች ላይ እየተንሸራተተ የውጭውን ሸራ ይስባል። ፒኑ ከደረቀ መንሸራተት ይቀርና ሥራው ሁሉ በውስጠኛው ሸራ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ሲለቀቅም ሸራው ከዲስኩ በደንብ ስለማይላቀቅ ጎማው ሳይያዝ እንደተያዘ ይሄዳል። መካኒኩ ፒኑን በፒንሳ ይዞ እያወዛወዘ ሲያወጣው ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ዝገት ለብሶ፣ የግራሶ ጠብታ እንኳ ሳይታይበት ወጣ። ሸራ ለመቀየር ካሊፐሩ የግድ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ፒኑን ጠርጎ፣ ለፍሬን የተሠራውን ሙቀት የሚቋቋም ግራሶ ቀብቶ መመለስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ተራ ግራሶ ግን የፒኑን የጎማ ሽፋን አሳብጦ ፒኑን መልሶ ስለሚያጣብቀው አይሆንም።

ከዚህም የባሰው የዲስኩ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ዲስክ ሊደርስበት የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት በራሱ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጠርዙ ወይም በመካከለኛው ክፍሉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በእኔ ዲስክ ላይ የተቀረጸው 22 ሚሊሜትር ሲሆን ሲለካ የተገኘው 21.2 ነበር። ይህም ማለት ከልኩ በታች እስኪሆን ድረስ በቶርኖ ተልጦ፣ ጸድቶና አብረቅርቆ እንደ አዲስ ተመልሶልኛል ማለት ነው። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚይዝበት ብረት ስለሚያንሰው ቶሎ ይግላል፣ የመሰንጠቅ ዕድሉም ይጨምራል። ስለዚህ «ዲስኩን አስተካክለንልዎታል» የሚል ቃል ከመለኪያ ቁጥር ጋር ካልመጣ ምንም ዋጋ የለውም፤ ከልክ በታች ለወረደ ዲስክ ያለው መፍትሔ የአንዱን አክስል ሁለቱንም ዲስኮች በአዲስ መተካት ብቻ ነው።

የመሪው መንቀጥቀጥም የራሱ ምክንያት ነበረው። ዲስኩ የሚያርፍበት የሞዞው (ዲስኩና ጎማው የሚታሠሩበት የሚዞር ክፍል) ፊት ዝገቱ ሳይጠረግ ዲስኩ ተመልሶ ስለታሠረ በትንሹ ተዛብቶ ተቀምጧል። የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል መዛባት በዓይን አይታይም፤ ነገር ግን ዲስኩ በዞረ ቁጥር ያው ቦታ ሸራውን እየነካ በዚያ በኩል ብቻ ይበላል፣ ውፍረቱም አንድ ወጥ መሆኑ ይቀራል። የጎማ ብሎኖችን በእኩል ኃይል አለማጥበቅም ተመሳሳይ ውጤት ያመጣል። ይህ ችግር ጎልቶ እስኪሰማ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚፈጅ ባለመኪናው ከተሠራለት ሥራ ጋር አያያይዘውም፤ እኔም ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ተመልሼ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ፍሬን የሚያልቀው በአነዳድ ነው» የሚል ነበር።

ስለ ፍሬን ዘይቱ በደረሰኙ ላይ «ታድሷል» ተብሎ ተጽፏል። ከካሊፐሩ ሲቀዳ ግን ጠቁሮ የደፈረሰ አሮጌ ዘይት ነበር፤ የተደረገው ነገር ቢኖር ከላይ ማጠራቀሚያውን መሙላት ብቻ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። የዶት 4 ደረጃ ዘይት አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን ይኖርበታል፤ 3.7 በመቶ ገደማ ውኃ በያዘ ጊዜ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ነጥብ ወደ 155 ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ይሰምጣል። ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ገደማ እንዲቀየር የሚያዙት ለዚህ ነው። ዘይቱ በማጠራቀሚያው ውስጥ ዝቅ ማለቱም ብዙ ጊዜ ሸራው እያለቀ መሆኑን የሚናገር ምልክት ስለሆነ፣ ሸራውን ሳያይ ዘይት የሚጨምር ሰው ማስጠንቀቂያውን እየሸፈነባችሁ ነው።

የሸራው ጥራት ራሱን የቻለ ርዕስ ቢሆንም አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ለመለዋወጫ ሸራዎች የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 90፣ ሸራው ሲፈተን ከኦሪጅናሉ ጋር የሚቀራረብ የመያዝ አቅም እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ ያለፈ ሸራም ከጀርባው ብረት ላይ በክብ የተከበበ የላቲን ፊደል፣ የሀገር ቁጥርና የማረጋገጫ ቁጥር ይታተምበታል። የታወቀ ስም ያለበት ማሸጊያ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ፎርጅዱም ያንኑ ማሸጊያ ይለብሳል። ካርቶኑ እናንተ ፊት እንዲከፈትና የሸራውን ጀርባ እንድታዩ ጠይቁ።

እንግዲህ ይህን አገልግሎት ስትገዙ ከዋጋው በፊት ሥራው ምን ምን እንደሚያካትት በጽሁፍ ጠይቁ፤ ጎማው ሲወልቅም እዚያው ቁሙ። የዲስኩ ውፍረት ከመታረሙ በፊትና በኋላ ተለክቶ ይነገራችሁ፤ ፒኑ በእጅ ወጥቶ ሲገባ እዩ፤ አሮጌዎቹን ሸራዎች ተረከቡና የውስጡንና የውጩን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አነጻጽሩ። የሁለቱ አለቃቀም በግልጽ ከተለያየ አዲስ ሸራ መግጠም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፣ ምክንያቱ ይፈለግ። ካሊፐሩ በፍሬን ጎሚኒው ቱቦ ተንጠልጥሎ ካያችሁ ያን ጊዜውኑ አስቁሙ፤ ቱቦው ከውስጥ ሊጎዳ ይችላል። መኪናውን ስትረከቡ ደግሞ ሞተሩን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ ጠንካራ እስኪሆን ድረስ ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ፒስተኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ ስለሚገኝ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ይህን አገልግሎት ቀደም ብላችሁ የገዛችሁ ካላችሁ በቸርኬው ክፍተት አጮልቃችሁ የውጩን ሸራ በማየት ብቻ አትረጋጉ፤ በእኔ መኪና ላይ የውጩ ሸራ ጤነኛ ነበር። ፍሬን ብዙም ሳትይዙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ቁሙና ዲስኩን ሳትነኩ መዳፋችሁን ወደ ቸርኬው አስጠጉ፤ ከግራና ከቀኙ አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚግል ከሆነ ካሊፐሩ ተፈትቶ እስኪታይ ድረስ ቁልቁለት ያለበት መንገድ አትጀምሩ።