ለአሮስቶ ሶስ የሚሆን የኦቨን ትሪ፦ ባሕር ዳር ገበያ ላይ ካሉት የትኛው ይሻላል?

ለዶሮ አሮስቶ፣ ማለትም በኦቨን ለሚጠበስ ሙሉ ዶሮ፣ አንድ ትሪ ብቻ ለመግዛት ካሰባችሁ ሽፋን የሌለውን፣ ወፈር ያለውን ስቴንለስ ግዙ። ጥቁሩ፣ ምግብ የማይዝ (ኖንስቲክ) ትሪ ለኬክና ለብስኩት ይቅር። የፎይል ትሪ ለአንድ ቀን ድግስ ካልሆነ አያዋጣም። ከላሜራ ተቀጥቅጦ የሚሠራው ደግሞ ለድፎ ዳቦ እንጂ ለዶሮ አይሆንም። ዶሮውማ በሁሉም ላይ ይበስላል። ልዩነቱ የሚወጣው ዶሮው ከተነሣ በኋላ፣ ትሪው ላይ በቀረው ስብና መረቅ ሶስ ሲሠራ ነው፤ ፈረንጆቹ ግሬቪ የሚሉትን ማለታችን ነው።

ሶሱን ሶስ የሚያሰኘው ትሪው ሥር የሚይዘው ቡናማ ቅርፊት ነው። ከዶሮው የሚወርደው መረቅ ውሃው ይተናል፣ የቀረው ብረቱ ላይ ይጋገራል፤ ጣዕሙም መልኩም ያለው እዚያ ነው። ስቴንለስ ላይ ይህ ቅርፊት ጥብቅ ብሎ ይይዛል፤ ትኩስ መረቅ ፈሶበት በእንጨት ማማሰያ ሲፋቅ ደግሞ ሳያስቸግር ይለቃል። የብረቱ መልክ ነጣ ያለ በመሆኑ የት እንደደረሰ በዓይን መከታተል ይቻላል። ወርቃማ ከሆነ ገና ነው፤ ጠቆር ያለ ቡናማ ሲሆን ደርሷል፤ ከጠቆረ አለቀለት።

ስቴንለሱም ቢሆን ነቀፋ አያጣም። ስሱ ሙቀት እኩል አያዳርስም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሲቀመጥ መሃሉ እያረረ ዳሩ ቀዝቃዛ ይሆናል፣ ኦቨን ውስጥም ሲግል ጧ ብሎ ይጣመማል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ባንኮኒው ላይ አስቀምጡትና አራቱንም ማዕዘን በጣት ተጫኑ፤ ከተወዛወዘ ተዉት። እጀታው በሽቦ የተንጠለጠለ ሳይሆን በሪቬት የተመታ ይሁን፤ የፈላ ስብ የያዘ ትሪ ይዞ እጀታ ሲከዳ አደጋው ቀላል አይደለም። ነጋዴው ማግኔት አስጠግቶ «ይኸው አልያዘም፣ ኦሪጅናል ነው» ቢላችሁ በዚያ ብቻ አትወስኑ። ማግኔት የሚይዝ ስቴንለስም አለ፣ ለትሪ ምንም አይልም። ከማግኔቱ ይልቅ በእጃችሁ አንሥታችሁ ክብደቱን ገምቱት።

ጥቁሩ የማይዝ ትሪ ቅዳሜ ገበያም ሆነ መሃል ከተማ ባሉት የዕቃ ሱቆች በብዛት ይገኛል፤ ከትንንሽ ኦቨኖች ጋር አብሮ የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ እሱው ነው። ለሶስ ግን ሦስት ችግር አለበት። እንዳይዝ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ቅርፊቱ አይጠብቅም፣ መረቁ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ብሎ ይደርቃል። ጥቁር ላይ ጥቁር ስለማይለይ ቡናማውና ያረረው አንድ ይመስላሉ። ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ነው፦ ቅርፊቱን ለማስለቀቅ ትሪው እሳት ላይ መውጣት አለበት፣ እንዲህ ያለው ሽፋን ግን ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል፤ ደረቅ ትሪ ጋዝ ላይ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ቤት ያለው እሱ ብቻ ከሆነ እሳት ላይ አትጣዱት። ገና ትኩስ እያለ ግማሽ ብርጭቆ የፈላ መረቅ አፍሱበት፣ በእንጨት ማማሰያ አገላብጡና ያለውን ሁሉ ወደ ድስት ገልብጡ። የጎደለውን ቡናማ ጣዕም አንገትና የክንፍ ጫፍ ከሽንኩርት ጋር ድስት ውስጥ በደንብ በማጥቆር ማካካስ ይቻላል።

የፎይሉ ትሪ ሞልቶ ሲነሣ መሃሉ ይታጠፋል። ከተጠቀማችሁበት ከሥሩ ጠፍጣፋ ትሪ ይኑረው፣ በብረትም አትፋቁት፤ ይቀደዳል። የላሜራውን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ነው። ዚንክ አሲድ ሲነካው ይሟሟል፣ የእኛ ዶሮ ደግሞ ሎሚ ሳይነካው አይወጣም። ድፎው ኮባ ተነጥፎለት ስለሚጋገር ብረቱን አይነካም፤ መረቁ ብረቱ ላይ ተኝቶ ለሚፈላበት አሮስቶ ግን አይታሰብ። ያልተቀባው ወፍራም አሉሚኒየም ከስቴንለስ ቀጥሎ ሁለተኛ ምርጫችን ነው፤ ሙቀት በማዳረስ እንዲያውም ይበልጣል። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ወይን ሲገባበት ግን ሶሱ ይገረጣል፣ የብረት ብረት ይላል።

መጠኑን ችላ አትበሉ። ለ1.5 ኪሎ ዶሮ 25 በ35 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 5 ወይም 6 የሆነ ትሪ ይበቃል። ትሪው ሲሰፋ መረቁ ስስ ሆኖ ይዘረጋና ዶሮው ሳይበስል ያርራል። ሲጠብ ደግሞ ዶሮው በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል፣ ቆዳው ነጭ ይቀራል። የኦቨናችሁን የውስጥ ስፋት በሜትር ለክታችሁ ሂዱ፤ ደጁ ላይ የተጻፈው ሊትር ስለ ስፋቱ አይነግራችሁም።

ወደ ዶሮው እንምጣ፤ ሶሱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ለወጥ እንደምናደርገው ቆዳውን ከገፈፋችሁት ስብ የለም፣ ስብ ከሌለ ሶስ የለም። ለአሮስቶ ዶሮው ይነጫል እንጂ አይገፈፍም። በሎሚና በጨው ማጠብ ከፈለጋችሁ እጠቡ፤ ከዚያ ግን በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፣ ውስጡንም ውጪውንም በጨርቅ አድርቁት። የቀረው ሎሚ ቆዳው ቡናማ እንዳይሆን ያዘገያል፣ ወደ ትሪው ወርዶም ሶሱን ያኮመጥጠዋል። የፈረንጅ ዶሮ ጥሩ ስብ ያወጣል። የሐበሻው ጣዕሙ የሚወዳደረው የለም፣ ግን ከሲታና ጠንካራ ስለሆነ መጀመሪያ በለስላሳ እሳት 40 ደቂቃ ያህል ቀቅሉትና ከዚያ ኦቨን አስገቡት። የተቀቀለበት ውሃ ለሶሱ መረቅ ይሆናል፤ የሚጎድለውን ስብ በለጋ ቅቤ ሙሉ። የተነጠረ ቅቤ አታስገቡ፤ ኮረሪማውና በሶብላው የዶሮውን ጣዕም ይውጠዋል።

ትሪው ላይ ሁለት ቀይ ሽንኩርት በአራት በአራቱ ተቆርጦ፣ አንድ ካሮት፣ ትንሽ የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ይነጠፍ። ዶሮው ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ተቀብቶ ከላይ ይቀመጥ። ኦቨኑ አስቀድሞ 200 ዲግሪ የጋለ ይሁን፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ወደ 180 ይውረድ። ለ1.5 ኪሎ በጠቅላላው ከ70 እስከ 80 ደቂቃ ይፈጃል። ነጭ ሽንኩርት ትሪው ላይ አትበትኑ፤ ያርርና መራራ ይሆናል፤ ከፈለጋችሁ በዶሮው ሆድ ውስጥ ክተቱት። ዶሮው በገባ በ25 ደቂቃ ገደማ ትሪውን እዩት፤ መድረቅ ከጀመረ ሁለት የቡና ስኒ ሙቅ ውሃ ጨምሩ፣ ደግሞም ከደረቀ ድገሙት። ውሃው ገና ከመጀመሪያው በብዛት ከገባ ቅርፊቱ አይሠራም። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ኦቨኑን አትክፈቱ፤ የያዘው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ያበስላል።

ዶሮው ኦቨን ውስጥ እያለ አንገቱን፣ የክንፉን ጫፍ፣ እግሩንና ልቡን በአንድ ሊትር ውሃ ለስለስ ባለ እሳት ጣዱ፤ ግማሽ ሊትር እስኪቀር ይንተክተክ። ጉበቱን አትጨምሩ፣ መረቁን ያደፈርሰዋል፣ ጣዕሙንም ያከብደዋል። ጨው በፍጹም አይግባ። የመረቅ ኪዩብ የሚጠቀም ሰው ሶሱን የሚያጣው በጨው ነው፦ ዶሮው ጨው አለው፣ ኪዩቡ ጨው አለው፣ ሁለቱም ሲከማቹ ማስተካከያ የለውም።

አሁን ሶሱ። ዶሮውን አውጥታችሁ አሳርፉት። ትሪው ላይ ያለውን ፈሳሽ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ገልብጡና አሥር ደቂቃ ይቀመጥ፤ ስቡ ይንሳፈፋል፣ መረቁ ይዘቅጣል። ስቡን ከላይ በማንኪያ ቀድታችሁ ለብቻው አስቀምጡት። ባዶውን ትሪ መካከለኛ እሳት ላይ አድርጉና አንድ ብርጭቆ መረቅ አፍሱበት፤ ሁለት ደቂቃ ሙሉ በእንጨት ማማሰያ፣ በተለይ ማዕዘኖቹን ፋቁ። አንድ ክብ ምድጃ ብቻ ካላችሁ ትሪውን እያዞራችሁ አሙቁት። ከሰል ከሆነ እሳቱን ገላልጣችሁ በትኑት። የተለቀቀውን በሻይ ማጥለያ አጥሉና ከቀረው መረቅ ጋር ደባልቁት።

ልኩ ይህ ነው፦ ለግማሽ ሊትር ፈሳሽ አራት የሾርባ ማንኪያ ስብና አራት የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት (32 ግራም ገደማ)። ስቡን ድስት ውስጥ አሙቁ፣ ዱቄቱን ጨምሩና በዝቅተኛ እሳት አራት ደቂቃ ያህል አማስሉ፤ የሽሮ ዱቄት መልክ ሲይዝ ደርሷል። መረቁ መጀመሪያ አንድ ጭልፋ ብቻ ይግባ። ወፍራም ሊጥ ይሆናል፣ አትደንግጡ፤ በእንቁላል መምቻ ልስልስ እስኪል ምቱት፣ ሁለተኛውን ጭልፋ አስከትሉ፣ ከዚያ የቀረውን አፍሱ። ሁሉንም በአንዴ የገለበጠ ሰው የሚያገኘው ጓጓላ ነው፤ የዱቄቱ ውጪ ወዲያው ይበስልና ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይታሸጋል።

እዚህ ላይ የውጭ አሰራር እያዩ የሚሠሩ ሰዎች ይሳሳታሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አምስት ደቂቃ የተባለው ዱቄት እዚህ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ደቂቃ ካልተንተከተከ ጥሬ ጥሬ ይላል። ኮርንፍላወርም ሙሉ በሙሉ የሚወፍረው ወደ መፍያው ሲጠጋ ስለሆነ፣ ሞቅ እንዳለ «አልወፈረም» ብሎ ሌላ ማንኪያ መጨመር ኋላ ላይ እንደ ሙጫ የረጋ ነገር ያመጣል። ሁለት ደቂቃ በደንብ ይፍላ፣ ከዚያ ፍረዱ። ኮርንፍላወር የምትመርጡ ከሆነ ኃይሉ የዱቄቱ እጥፍ ነው፤ ለግማሽ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይበቃል። ያንጸባርቃል፣ ግን ሲቆይና ሲሞቅ ውሃ ይለቃል፤ ወዲያው ለሚበላ ብቻ ነው። ቡላም በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይሠራል። የጤፍ ዱቄት ያወፍራል፣ ግን የራሱን ጣዕም ይዞ ይመጣል።

ጨውና ቁንዶ በርበሬ በመጨረሻ። ከምትፈልጉት ትንሽ ቀጠን እያለ አውርዱት፤ ሳህን ላይ ይወፍራል። ስቡ ከላይ ተለይቶ ከተንሳፈፈ ዱቄቱ አንሷል ወይም ብዙ ተኗል፤ ሁለት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ በኃይል ምቱት። ጨው ከበዛ ድንች መክተት ዋጋ የለውም፤ ጨው በሌለው መረቅ አስፉትና እንደገና አወፍሩት። ከመረረ ቅርፊቱ አርሯል፤ ስኳር አይመልሰውም፣ ትሪውን ትታችሁ በመረቁ ብቻ ሥሩ።

ተርኪ (የቱርክ ዶሮ) ያገኘ ሰው አሠራሩ ያው ነው፤ የሚለየው መጠኑ ነው። ስድስት ኪሎ የሚመዝን፣ ሆዱ ያልተሞላ ተርኪ በ165 ዲግሪ ከሦስት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ድረስ ይፈጃል፤ ጭኑ ውስጥ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ትሪው ቢያንስ 30 በ40 መሆን ስላለበት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ትንንሽ ኦቨኖች አይችሉትም። ዳቦ ቤት የሚያስጠብስ ሰው የዳቦ ምድጃ ለዚህ በጣም እንደሚግል ይወቅ፤ ከላይ ፎይል፣ ከሥር ውሃ ካልተደረገ ሥጋው ቢተርፍ እንኳ ትሪው አይተርፍም። ሶሱ እስከ አንድ ሊትር ስለሚደርስ ስቡም ዱቄቱም ስምንት ስምንት የሾርባ ማንኪያ ይሆናል።

በዚሁ መንገድ ከጣና ዓሣ ይሠራ እንደሆነ የሚጠይቅ አይጠፋም። ቀረሶ ትሪ ላይ የሚተወው ስብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለዓሣ ሎሚና ዳጣ ይበቃዋል።

የተረፈ ሶስ በባሕር ዳር ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ አይደር። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ሲሞቅ ጥቂት ውሃ ጨምራችሁ እስኪፈላ አድርሱት። ትሪውን ደግሞ በአግባቡ ከፋቃችሁት ግማሹ ታጥቧል። የቀረውን በሙቅ ውሃና በአንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ሃያ ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ሶዳው ለስቴንለስ ብቻ ነው፣ አሉሚኒየም ያጠቁራል። ስቴንለሱ ላይ ሰማያዊና ቢጫ መልክ ቢወጣ አልተበላሸም፤ በተቆረጠ ሎሚ ሲታሽ ይለቃል።